ፊልሙ የማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሰሞን ስለ ወጣት ፊልም ሠሪዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ልጆቹን ማበረታታታችሁ ጥሩ ነው። ግን ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር ስለ ካሜራ፣ ስለ ስልክና ስለ ዩቲዩብ ብቻ ሆነብኝ። ዛሬ ማንም ሰው ፊልም መሥራት ይችላል ይላል። እውነት ነው፣ ይችላል። በስልክ የተቀረጸ ምስል ትልቅ ስክሪን ላይ ያምራል። ዳቪንቺ ሪዞልቭን የመሰለ የኤዲቲንግ ሶፍትዌር በነጻ ይወርዳል። ያልገባህን ነገር ማታ ቁጭ ብለህ ከኢንተርኔት ትማራለህ። ጥያቄው ሁለተኛውን ፊልም በምን ትሠራዋለህ የሚለው ነው። ሦስተኛውንስ?

እኔ በግሌ ፊልም የምሠራ ሰው ነኝ። በዚህ ሙያ ውስጥ ስቆይ ብዙ ጎበዝ ልጆች አንድ ፊልም ሠርተው ሲጠፉ አይቻለሁ። ችሎታ አንሷቸው አይደለም። ፊልማቸውን በአንድ ፊርማ አስረክበው፣ የተቀበሉት ብር ለዕዳ ሄዶ፣ ባዶ እጃቸውን ስለቀሩ ነው። ስለዚህ የትኛው ካሜራ ይሻላል ከሚለው በፊት ለወጣቶቹ ሊነገራቸው የሚገባው ፊልሙ በመጨረሻ የማን ሆኖ ይቀራል የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚህ ነው።

ትንሽ ወደ ኋላ ልሂድ። ድሮ ፊልም ማለት 35 ሚሊ ሜትር ጥሬ ፊልም ነበር። ውድ ነው፣ እጥበቱም አገር ውስጥ አልነበረም። "ሂሩት አባቷ ማነው" በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ "ጉማ" ደግሞ በ1960ዎቹ ከታዩ በኋላ ለረጅም ጊዜ የአገራችን ረጅም ልብ ወለድ ፊልሞች በጣት የሚቆጠሩ ሆነው የቆዩት ለዚህ ነው። በ1990ዎቹ ዲጂታል ቪዲዮ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። መኪናውን ሸጦ የሚሠራ መጣ። ዕቁብ ወጥቶለት የሚሠራ መጣ። ከዘመድ ተበድሮ፣ ቤት አስይዞ የሚሠራ መጣ። "ቀዝቃዛ ወላፈን"ን የመሳሰሉ ፊልሞች ሲታዩ ሕዝቡ ሲኒማ ቤት በር ላይ ተሰልፎ ገባ። ከዚያ በኋላማ ፊልም ሳይመረቅ የሚያልፍ ሳምንት ማግኘት ከባድ ሆነ። በሞንታርቦ የሚያስተዋውቀው መኪና ከፒያሳ እስከ መገናኛ ይዞር የነበረበትን ጊዜ የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ።

የዚያን ጊዜ ገቢው ግልጽ ነበር። መጀመሪያ ሲኒማ ቤት፣ ቀጥሎ ቪሲዲ፣ ከቻልክ ደግሞ ዲያስፖራ። ከዚያ አንድ በአንድ ተነቀለ። ቪሲዲውን ሕገወጥ ኮፒ በላው። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ የተተረጎሙ የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ ተመልካቹ ማታ ማታ ቤቱ መቀመጥን መረጠ። ባለሙያው ያኔ ብዙ ጮኸ። እኔ በበኩሌ ተመልካቹን መውቀስ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም፤ ሰው ቤቱ ያለ ክፍያ የመጣለትን ነገር ያያል። በ2012 ኮሮና መጣና ሲኒማ ቤቶች ተዘጉ። በ2014 ደግሞ አቦል ቲቪ በዲኤስቲቪ ተከፈተ። የአማርኛ ፊልሞችን መግዛትና ተከታታይ ድራማ ማሠራት ሲጀምር ብዙ ባለሙያ እንጀራ አገኘ፤ ይህን መካድ ተገቢ አይደለም። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይመራ ሲባል የካሜራው፣ የሌንሱ፣ የመብራቱ፣ የሃርድ ዲስኩ ዋጋ ሁሉ ከዶላር ጋር ወጣ። መስከረም 2018 ላይ ደግሞ የዲኤስቲቪ ባለቤት የሆነውን መልቲቾይስን የፈረንሳዩ ካናል ፕላስ ጠቅልሎ ያዘው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ለታሪክ ያህል አይደለም። ከፋዩ በየጥቂት ዓመቱ እንደሚቀየር ለማሳየት ነው። ትናንት ቪሲዲ የሚያከፋፍለው ሙዚቃ ቤት ነበር፣ ቀጥሎ ቴሌቪዥን ጣቢያ፣ ዛሬ ዩቲዩብ ቻናል፣ ነገ ገና ስሙን የማናውቀው ሌላ ነገር። አንዱን ከፋይ አምኖ ሕይወቱን የገነባ ሰው ከፋዩ ሐሳቡን የቀየረ ቀን ይወድቃል። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። አማዞን ፕራይም ቪዲዮ ናይጄሪያና ደቡብ አፍሪካ ገብቶ ፊልም ሲያሠራ ብዙዎች እፎይ ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 በአፍሪካ አዲስ ሥራ ማዘዝ አቆምኩ ብሎ ወጣ። ናይጄሪያ ያንን ሁሉ ሕዝብና ያንን የሚያህል የፊልም ገበያ ይዛ ይህ ከደረሰባት እኛ ምን ዋስትና አለን?

አንድ ጓደኛዬ የደረሰበትን ልንገራችሁ። በቪሲዲ ዘመን አንድ ፊልም ሠራና ሲኒማ ቤት ከጨረሰ በኋላ ለአንድ አከፋፋይ ሸጠው። ውሉ ላይ "በማንኛውም መንገድ የማባዛትና የማሰራጨት ሙሉ መብት" የሚል ነገር ነበረበት። ያኔ ማንም እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ላይ ቆሞ አያስብም ነበር፤ ማባዛት ማለት ሲዲ ነው፣ ማሰራጨት ማለት መርካቶ ነው። ዓመታት አለፉ። ያ ፊልም ዛሬ ዩቲዩብ ላይ አለ፣ ሰው እስከ አሁን ያየዋል፣ ማስታወቂያ ይገባበታል። ገቢው የሚሄደው ለአከፋፋዩ ነው። ጓደኛዬ ፊልሙን ለልጆቹ ማሳየት ሲፈልግ እንደማንኛውም ሰው ማስታወቂያውን እየዘለለ ነው የሚያየው። አከፋፋዩ ሌባ አይደለም፤ በሕግ የገዛው ነገር ነው። ግን ያ ፊልም የጓደኛዬ ሆኖ ቢቆይ ኖሮ ለቀጣዩ ፊልሙ መነሻ የሚሆን ገንዘብ በየወሩ ይገባለት ነበር።

አሁን አሜሪካ ወደሚኖረው ፊልም ሠሪ ወደ ኃይሌ ገሪማ ልምጣ። ወጣቶቹ ስሙን ያውቁታል፤ "ጤዛ"ንም ብዙዎቹ አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ ልዩ የዳኞች ሽልማት ማግኘቱን፣ በ2009 ደግሞ ኡጋዱጉ ላይ በአፍሪካ የፊልም ፌስቲቫል በፌስፓኮ ትልቁን ሽልማት፣ የየኔንጋ ፈረስን፣ ማሸነፉን ይሰማሉ። ስለ ሥራው አካሄድ ግን የሚነግራቸው የለም። "ሳንኮፋ" እ.ኤ.አ. በ1993 ወጣ፤ በርሊን ፌስቲቫል ላይ ለውድድር ቀረበ። አሜሪካ ሲመለስ ግን የባርነትን ታሪክ እንደዚያ አድርጎ የሚናገር ፊልም የሚያከፋፍል ኩባንያ ጠፋ። ሰውዬው ምን አደረገ? ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሲኒማ ቤት በራሱ ተከራይቶ አሳየው። ሰዉ መጣ። ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። በየከተማው ያሉ ጥቁር አሜሪካውያን እየተደራጁ፣ አዳራሽ እየያዙ፣ ወሬውን በአፍ እየተቀባበሉ ፊልሙን ከከተማ ከተማ አሻገሩት። ማከፋፈያ ድርጅቱ የራሱና የቤተሰቡ ነበር። ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ጆርጂያ ጎዳና ላይ ያለው በፊልሙ ስም የተጠራው መጻሕፍት ቤትም የዚያ ሥራ ውጤት ነው፤ እሱና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና፣ እሷም ፊልም ሠሪ ናት፣ የከፈቱት ቤት ነው። ዲሲ ያላችሁ አንባቢዎች ቡና ጠጥታችሁበት ይሆናል።

ዋናው ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ኔትፍሊክስ "ሳንኮፋ"ን ይዞ ወጣ። ፊልሙ ከተሠራ 28 ዓመት በኋላ ማለት ነው። አሜሪካዊቷ ፊልም ሠሪ አቫ ዱቨርኔይ የመሠረተችው አሬይ የሚባለው ድርጅት አድሶ ነው ያወጣው። በ1993 አንዱ ኩባንያ መጥቶ ጠቅላላ መብቱን በአንድ ቼክ ገዝቶት ቢሆን ኖሮ ከ28 ዓመት በኋላ ስለ ፊልሙ የሚደራደረው ሌላ ሰው ነበር። ፊልሙ በእጁ ስለነበረ ዘመኑ ሲቀየር አብሮ ተጠቀመ። ኃይሌ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለአሥርተ ዓመታት አስተምሯል፤ ደመወዝ ነበረው፤ የእኛን ልጅ ከእሱ ጋር ማወዳደር አይቻልም የሚል ሰው ይኖራል። ልክ ነው፣ ደመወዝ ነበረው። እሱ ራሱ ግን ትምህርት ነው። ኪሱን የሚሞላለት ሌላ ሥራ ስለነበረው ፊልሙን በርካሽ ለመሸጥ አልተገደደም።

እኛ አገርም በዚያው መንገድ የሚኖር ሰው ብዙ ነው። በግሉ ፊልም የሚሠራ የአዲስ አበባ ልጅ ኑሮውን የሚገፋው በሰርግ ቀረጻ፣ በማስታወቂያ፣ ለግብረ ሠናይ ድርጅት በሚሠራ ዶክመንተሪ፣ አንዳንዴም በቴሌቪዥን ድራማ ላይ በካሜራ ወይም በኤዲቲንግ ተቀጥሮ ነው። ይህን እንደ ውርደት የሚቆጥሩ ልጆች አጋጥመውኛል። በጣም አዝናለሁ። ጥርና ሚያዝያ ላይ ሰርግ የቀረጸ ሰው ሁዳዴ ሲገባ ሰርግ የለም፣ ካሜራው ቤት ነው፣ ጓደኞቹም ሥራ ፈት ናቸው፤ የራሱን ፊልም የሚቀርጸው ያኔ ነው። እኔ የማውቃቸው ብዙ ጥሩ አጫጭር ፊልሞች የተቀረጹት በጾም ነው። ክረምት ደግሞ ዝናቡ ውጭ አያስወጣም፣ መብራቱም ይቆራረጣል፣ ስለዚህ ስክሪፕት መጻፊያና ኤዲት ማድረጊያ ይሆናል። ዓመቱን እንዲህ ከፋፍሎ የሚያስብ ሰው ይቆያል። በሰርግ ብር የተሠራ ፊልም ከማንም ጋር ለመደራደር አያጣድፍም።

ሲኒማ ቤቱን ብቻ ተማምኖ መሥራትማ ሒሳቡ አይወጣም። ለምሳሌ ያህል 300 ወንበር ያለው አዳራሽ ትኬቱን በ200 ብር ቢሸጥና ግማሹ ቢሞላ 30,000 ብር ነው። ግማሽ ለግማሽ ብትካፈሉ 15,000 ይደርስሃል። ከዚያ ላይ ግብር አለ፣ ፖስተር አለ፣ የሬዲዮ ማስታወቂያ አለ። ለምረቃው ቀይ ምንጣፍ፣ ለጋዜጠኛው፣ ለአስተናባሪው ያወጣኸው ገንዘብም ገና አልተመለሰም። ብዙ ቀን፣ ብዙ ሰዓት፣ ብዙ አዳራሽ ካልታየ ትርፍ የለውም። ሲኒማ ቤት መግባት አለበት፣ ተመልካቹን ፊት ለፊት የምታገኘው እዚያ ነው። እንደ ገቢ ግን ከብዙዎቹ አንዱ ተደርጎ ይታሰብ።

ዩቲዩብን በተመለከተ ጽሑፋችሁ ያለፈው ነገር አለ። በረጅም ቪዲዮ የማስታወቂያ ገቢ ለመጀመር 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት መታየት ያስፈልጋል። ከዚያ ከረጅም ቪዲዮ የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶው የቻናሉ ነው። ጥሩ ድርሻ ነው። ይሁንና ዋጋው ተመልካቹ በሚኖርበት አገር ይወሰናል። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ስቶክሆልም ሆኖ የሚያይህ አንድ ሰው፣ አዲስ አበባ ካሉ ብዙ ተመልካቾች የበለጠ ገቢ ያስገኛል። ስለዚህ ፊልምህን ውጭ ያለው ወገናችን እንዴት ያገኘዋል ብለህ ማሰብ ግድ ነው። በየዓመቱ በፈረንጆቹ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ በሰሜን አሜሪካ የሚካሄደው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ስንት ሺህ ሰው አንድ ከተማ ላይ ይሰበስባል! እዚያ አንድ አዳራሽ ተከራይቶ ፊልም ማሳየት ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1993 ካደረገው የተለየ አይደለም።

ሌላው የዩቲዩብ ነገር አካውንቱ ነው። ብዙዎቻችን ቻናሉን የምናንቀሳቅሰው፣ ገንዘቡንም የምንቀበለው ውጭ ባለ ወንድም፣ እህት ወይም ወዳጅ በኩል ነው። ቻናሉ ትንሽ እያለ ሰላም ነው። ገንዘቡ ሲያድግ ጭቅጭቁ ይመጣል። ዘመድ ነው ተብሎ ሳይጻፍ የቀረ ነገር ስንቱን ቤተሰብ አቆራርጧል። ቻናሉ የማን እንደሆነ፣ የይለፍ ቃሉ ማን ጋር እንደሚቀመጥ፣ ገቢው በየስንት ጊዜው እንደሚላክ፣ የዚያ አገር ግብር ከማን ድርሻ እንደሚከፈል አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ጽፎ መፈራረም ዘመድን መጠራጠር አይደለም። ዝምድናውን የሚያቆየው እሱ ነው።

በቅርቡ ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። ፊልምህን በአሥር ደቂቃ የሚተርክ ቻናል። ምስልህን ቆራርጦ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ ከላይ ሰው ወይም ማሽን እየተረከበት ይለቀዋል። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ክፍል 1፣ ክፍል 2 እየተባለ እስከ ክፍል 30 ይሄዳል። ሰዉ "አየሁት እኮ" ይልሃል። ይህን ማስወረድ ይቻላል። ዩቲዩብ የቅጂ መብት አቤቱታ መቀበያ ቅጽ አለው፤ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ የተቀጣ ቻናል ሊዘጋ ይችላል። ነገር ግን አቤቱታውን የምታቀርበው አንተ ባለቤት መሆንህን ማረጋገጥ ስትችል ነው። የስክሪፕቱ ደራሲ አልፈረመልህም? ተዋናዮቹ በቃል ነው የሠሩት? ያኔ ሰውዬው መልሶ ሲከራከርህ ምን ታቀርባለህ? ሙዚቃውም እንዲሁ ነው። ለማጀቢያ የተጠቀምክበት ዘፈን ግጥሙ የአንድ ሰው፣ ዜማው የሌላ፣ ቅንብሩ የሦስተኛ ሰው ሊሆን ይችላል። ከሁሉም በጽሑፍ ካልተቀበልክ ፊልምህ በተጫነ ማግስት የዘፈኑ ባለቤት ነኝ የሚል ይመጣና የማስታወቂያ ገቢህ ወደ እሱ ይዞራል። መብቱ ነው፣ ልክም ነው።

ሕጉ አለን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቶ በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። አንድ ሥራ ጥበቃ እንዲያገኝ መመዝገብ ግዴታ አይደለም፤ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄዶ ማስመዝገብ ግን ክርክር ሲነሳ ማስረጃ ይሆናል። ይህን የሚያውቅ ተማሪ ስንት ነው? የፊልም ትምህርት ቤት ልጆችን ሳናግር ስለ ሌንስ፣ ስለ ቀለም፣ ስለ ሦስት ገቢር አወቃቀር በደንብ ያወሩኛል። ስለ ውል ስጠይቃቸው ዝም ይላሉ። በየሥልጠናው ስለሌለ ነው እንጂ ልጆቹ ሰንፈው አይደለም።

ፊልም ለማንም አታሳዩ፣ ለማንም አትስጡ እያልኩ አይደለም። ጣቢያውም፣ የውጭ መተግበሪያውም፣ የአውሮፕላን ውስጥ ስክሪኑም ይፈለጋል። የማሳየት ፈቃድ መስጠትና ፊልሙን መሸጥ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጣቢያ መጥቶ ሙሉ መብቱን ሲልህ፣ ለሁለት ዓመት በቴሌቪዥን ብቻ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ብለህ መመለስ ይቻላል። ዋጋው ይቀንሳል፣ አዎ። ሁለት ዓመቱ ሲያልቅ ግን ፊልሙ ተመልሶ ያንተ ነው፣ እንደገና ለሌላው ትሰጠዋለህ። ኢንተርኔት ላይ የመጫን መብት ውስጡ ይኑር አይኑር በግልጽ ይጻፍ። "በማንኛውም መንገድ"፣ "ወደፊት በሚፈጠር ቴክኖሎጂ ሁሉ" የሚል ዐረፍተ ነገር ካየህ ብዕሩን አስቀምጥ። የተዋናዩን ፊትና ድምፅ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አስመስሎ መጠቀም ያለ ተዋናዩ ፈቃድ እንደማይቻል አንድ መስመር መጨመርም ዛሬ የግድ ሆኗል፤ ይህ መስመር ካልኖረ ነገ የሚጎዳው ተዋናዩ ነው፣ ዛሬ በጓደኝነት ያለ ክፍያ የሠራልህ ልጅ። ዋናውን ቅጂ ደግሞ፣ ጥሬ ቀረጻውን ጭምር፣ ሁለት ቦታ አስቀምጥ። መብቱ በወረቀት ያንተ ሆኖ ፋይሉ ሌላ ሰው ሃርድ ዲስክ ውስጥ ከቀረ አላገኘኸውም።

የውጭ ድጋፍም ይህን ሁሉ ይጠይቃል። የያሬድ ዘለቀ "ላምብ" እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ፌስቲቫል ላይ በይፋዊው ምርጫ ሲገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነበር። በ2024 ደግሞ የቤዛ ኃይሉ አጭር ፊልም "አልዓዛር" እዚያው ካን በተቺዎች ሳምንት ተወዳደረ። ዶክመንተሪ ለሚሠሩ ልጆች ናይሮቢ ያለው ዶኩቦክስ የምሥራቅ አፍሪካ ሥራዎችን ይደግፋል፤ ሮተርዳም ፌስቲቫል ሥር ያለው ሁበርት ባልስ ፈንድ አለ፤ በርሊን የዓለም ሲኒማ ፈንድ አለው። በሮቹ ሩቅ ናቸው ግን የተዘጉ አይደሉም። ቅጹን ስትሞላ ታሪኩ የማን ነው፣ ደራሲው ፈርሟል ወይ፣ በእውነተኛ ሰው ሕይወት ላይ የተመሠረተ ከሆነ ፈቃድ አለህ ወይ ብለው ይጠይቁሃል። ይህ ጥያቄ አገር ውስጥም ይመጣል። በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተው "ድፍረት" ፊልም ሰንዳንስና በርሊን ፌስቲቫሎች ላይ የተመልካች ሽልማት አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2014 አዲስ አበባ ሊታይ የተጋበዘው እንግዳ አዳራሽ ከገባ በኋላ በፍርድ ቤት ዕግድ ቆሟል። የዚያን ክርክር ዝርዝር እዚህ አላነሳውም። ግን ያን ያህል የተደገፈ፣ ያን ያህል የተሸለመ ፊልም እንኳ በአንድ ወረቀት ሊቆም እንደሚችል እያንዳንዱ ወጣት ማወቅ አለበት።

ደግሞ ስለ ተመልካች አንድ ነገር። ሰብስክራይበር የዩቲዩብ ነው፣ ተከታይ የቲክቶክ ነው። አካውንትህ አንድ ቀን ከተዘጋ አብረው ይጠፋሉ። ፊልምህን ያዩትን ሰዎች ስልክ ቁጥርና ኢሜይል በፈቃዳቸው መዝግበህ ያዝ። ከማሳያው በኋላ በር ላይ አንድ ደብተር ማስቀመጥ ምንም አያስወጣም። ቴሌግራም ላይ የራስህን ቻናል ክፈት። ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ድሬዳዋ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች የፊልም ክበብ ያላቸውን ልጆች ፈልግና ፊልምህን አሳያቸው። ክፍያው ትንሽ ነው፣ አንዳንዴ የትራንስፖርት ብቻ ነው። እነዚያ ልጆች ግን ቀጣዩን ፊልምህን የሚጠብቁ ሰዎች ይሆናሉ፤ ለስፖንሰር ስትቀርብም "ይህን ያህል ሰው ይጠብቀኛል" ብለህ ማሳየት ትችላለህ። እኔ ስፖንሰር ያገኘሁት ሁሉ በዚህ መንገድ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስና ጥያቄዬን ላቅርብ። የጥበብ ገጻችሁ ምረቃና ቀይ ምንጣፍ በደንብ ይዘግባል፤ የተዋናዮችን ቃለ ምልልስም እወዳለሁ። ነገር ግን አንድ ፊልም በስንት ተሠርቶ ስንት መለሰ፣ ጣቢያዎች ምን ዓይነት ውል ያቀርባሉ፣ ሲኒማ ቤቶች ስንት ይካፈላሉ የሚለውን ጻፉልን። ባለሙያው አይናገርም ትሉ ይሆናል። ስሙ ሳይጠቀስ ይናገራል፣ እኔ ራሴ እናገራለሁ። አሁን እያንዳንዱ ልጅ ብቻውን ጨለማ ውስጥ ነው የሚደራደረው። ገዢው የመቶ ሰው ዋጋ ያውቃል፣ ሻጩ የራሱን እንኳ በቅጡ አያውቅም። ዋጋው እየወረደ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

የሙያ ማኅበሮቻችንም ቢሰሙኝ ደስ ይለኛል። የፊልም ፖሊሲ ጸድቋል ተብሎ ካጨበጨብን ዓመታት አልፈዋል። ፈንዱም፣ ስቱዲዮውም፣ የግብር ማበረታቻውም ይጠየቅ። እሱ እስኪመጣ ግን በጀት የማያስፈልገው አንድ ነገር ማድረግ ይቻላል። ናሙና ውል። አንዱ ከጣቢያ ጋር፣ አንዱ ከዩቲዩብ ቻናል ጋር፣ አንዱ ከደራሲ ጋር፣ አንዱ ከተዋናይና ከሙዚቃ ባለሙያ ጋር የሚሆን፣ እያንዳንዱ ሁለት ገጽ፣ ማንም ሰው በሚገባው አማርኛ የተጻፈ። ማኅበሩ ድረ ገጽ ላይ ያስቀምጠው፣ ልጆቹ አውርደው ይሙሉት። "የማኅበሩ ውል ነው" ብሎ የሚያቀርብ ልጅ "እኔ እንዲህ እፈልጋለሁ" ከሚል ልጅ የበለጠ ይሰማል።

ከጠበቃ ወዳጄ ጋር ሆነን የመጀመሪያውን፣ ከጣቢያ ጋር የሚደረገውን ውል ረቂቅ አዘጋጅተናል። ጋዜጣችሁ ላይ አንድ ገጽ ከሰጣችሁን ሙሉውን አውጡት፤ የጎደለውን አንባቢ ይጨምርበት፣ የተሳሳተውንም የሕግ ባለሙያ ያርመው። ስልኬን ለዝግጅት ክፍሉ ለብቻ ልኬያለሁ።

አክባሪያችሁ
በግሉ የሚሠራ ፊልም ሠሪ፣ ከአዲስ አበባ